ጥለቱ ወዴት እንደ ዞረ

እንግሊዝኛ የተማርን ብዙዎቻችን የአንድን ነገር ብርታት ለመግለጽ ስንፈልግ ከ«ቢግ»ና ከ«ቬሪ» እምብዛም አንርቅም። ዝናቡም፣ ነፋሱም፣ ትኩሳቱም ሁሉ «ቢግ» ይሆንብናል። ከዚህ አልፈን ለመራቀቅ ስንሞክር ደግሞ የአማርኛውን ቅጽል ቃል በቃል ገልብጠን እናስቀምጣለን። የዚህን ስሕተት ጉዳት እኔ የተረዳሁት በትምህርት ቤት ሳይሆን በመርካቶ፣ በሸማ ተራ ነው።

አክስቴ በሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ከደንበኞቻቸው መካከል በውጭ አገር የሚኖሩ፣ አማርኛ የማያነቡ ባልና ሚስት ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባልየው ማረፋቸው በተሰማ ጊዜ አክስቴ ከሱቃቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና «ልጄ፣ መሪር ኀዘን እንደ ተሰማኝ አድርገህ ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔም በመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ የማረቅቅ ሰው ነኝና አላመነታሁም። መራራ «ቢተር» አይደለምን? ስለዚህ ስለ ባለቤትዎ ሞት «አይ አም ቬሪ ቢተር» ብዬ ጻፍኩ።

ከአንድ ወር በኋላ መልስ መጣ። ወይዘሮዋ በብዙ ትሕትና፣ ሳይከፈል የቀረ ሒሳብ ወይም ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያደረሱት በደል እንዳለ ጠይቀው፣ ካለም ለመካስ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። «ቢተር» ለጣዕም ሲነገር መራራ ነው፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን ቅያሜ ያደረበት፣ ቂም የያዘ ማለት ይሆናል። ለኀዘን እንግሊዞች አዘውትረው የሚመርጡት ጥልቅ የሚለውን «ዲፕ» ነው። እንግዲህ ባላቸውን ቀብረው ለተቀመጡ ሴት የዕዳ መጠየቂያ የሚመስል ደብዳቤ ልኬላቸው ኖሯል።

እያፈርኩ እውነቱን ለአክስቴ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ትከሻቸው ላይ ያለውን ነጠላ እየነኩ «ለደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለለቅሶ ወደ ላይ ይዞራል። ነጠላው ያው ነጠላ ነው። የማያውቅ ሰው ከለበስኩ ምን ቸገረኝ ይላል፤ ለቀስተኛው ግን ያየዋል። አንተም በለቅሶ ቤት የሰርግ አለባበስ አለበስከኝ» አሉ።

ነገሩን ሳስበው በገዛ ቋንቋችንም እንዲሁ ነው። ጨለማን ድቅድቅ፣ ዝናብን ዶፍ፣ ሕመምን ጽኑ እንላለን፤ ነገር ግን ድቅድቅ ዝናብ ወይም ዶፍ ጨለማ የሚል ሰው አልሰማንም። ሕጉን ያስተማረን የለም፤ ጆሯችን ለምዶት ነው። በእንግሊዝኛም ዝናብ «ሄቪ»፣ ነፋስ «ስትሮንግ»፣ ትኩሳት «ሃይ» ይባላል፤ እኛ ከባድ የምንለውን እንቅልፍ እነርሱ «ዲፕ» ወይም «ሳውንድ» ይሉታል። ሻይ ሲወፍርም እንደ ነፋሱ «ስትሮንግ» ነው እንጂ እንደ ዝናቡ «ሄቪ» አይባልም። የእንግሊዙ የቋንቋ ሊቅ ጆን ፈርዝ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የአንድን ቃል ጠባይ ለማወቅ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውል መመልከት እንደሚገባ አስረድቷል። ኦክስፎርድም በ2002 እ.ኤ.አ. የትኛው ቅጽል ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ለተማሪዎች አውጥቷል።

ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ለሚማሩ ወጣቶችና ለመምህራኖቻቸው የማሳስበው አንድ ነገር አለ። አዲስ ስም በደብተር ሲጻፍ ብቻውን አይጻፍ፤ በንባብ አብሮት የተገኘው ቅጽል ከጎኑ ይጻፍ። ስምን ለብቻ፣ ቅጽልን ለብቻ ያጠና ሰው፣ በቸገረው ቀን ሁለቱን የሚያጋባው በግምት ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። ጥፋቱ የጸሐፊው እንጂ የአክስቴ አለመሆኑን ገልጬ፣ ኀዘናቸውን «ዲፕ ሶሮው» ብዬ አስቀመጥኩ። ወይዘሮዋም አሁን ልባቸው እንዳረፈ ጽፈው መለሱ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የረቀቀ ደብዳቤ ላይ ከመፈረሜ በፊት ጥለቱ ወዴት እንደ ዞረ ደግሜ እመለከታለሁ።