ጌሾና ሆፕስ፦ በአንድ ከረጢት ስለሚጠመቅ ቢራ

የመንግሥትንና የገበያን ጉዳይ ሳነሣና ስጥል ለታዘባችሁኝ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ስለ ቢራ መጥመቅ እጽፋለሁ ብል ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። ቀልድ አይደለም። በምኖርበት በሜሪላንድ ግዛት፣ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ፣ በገዛ ማእድ ቤቴ 19 ሊትር ቢራ እጠምቃለሁ። ነገሩም ከፖለቲካ የራቀ አይደለም። መንግሥት በዜጋው ድስት ውስጥ እጁን እስከ የት ሊያስገባ ይገባል ለሚለው ጥያቄ፣ ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲነሣ፣ በቤት ውስጥ ወይን መጥመቅ ሕጋዊ ሆነ፤ ቢራ ግን ከፈቃዱ ውጭ ቀረ። ይህ ሁኔታ ለአርባ አምስት ዓመታት ቆየ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1978 የፈረሙት ሕግ ከፌብሩዋሪ 1979 ጀምሮ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን (379 ሊትር ገደማ)፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ደግሞ 200 ጋሎን ቢራ ያለ ግብር እንዲጠመቅ ፈቀደ። መሸጥ ግን አይቻልም። ፌዴራሉ መንግሥት ቢፈቅድም የግዛቶች ሕግ የየራሱን መንገድ ይዞ ስለ ነበር፣ አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት በ2013 ነው። ፌዴራሊዝም በወረቀት ላይ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን አስታውሰዋለሁ።

ሕጉ ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ለፖለቲካል ኢኮኖሚ መምህር የሚጣፍጥ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሰፊ አገር የነበሩት የቢራ ጠማቂ ኩባንያዎች ከመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ጠማቂዎቹ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ናቸው። ሁሉንም ያደረገው የካርተር ፊርማ ነው አልልም፤ በ1976 ለአነስተኛ ጠማቂዎች የተደረገው የኤክሳይስ ታክስ ቅናሽም ድርሻ አለው። ነገር ግን ከአዲሶቹ ጠማቂዎች ብዙዎቹ የወጡት ከማእድ ቤት ነው። ኬን ግሮስማን የቤት ጠመቃ ዕቃ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው፤ በ1980 በካሊፎርኒያዋ ቺኮ ከተማ የጀመረው ሲዬራ ኔቫዳ ዛሬ የአሜሪካ ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ መልክ አስያዘ። የዚህ ቢራ ዋና ሽታ የሚመጣው ደግሞ ካስኬድ ከሚባለው የሆፕስ ዝርያ ነው። ካስኬድ በኦሪገን በመንግሥት ገንዘብ ለዓመታት ተዳቅሎ በ1972 ለገበሬዎች የተለቀቀ ነው። ገበያው ብቻውን ሁሉን ይሠራል የሚሉ ባልደረቦቼ ብርጭቋቸውን ሲያነሡ ይህን ቢያስቡ ደስ ይለኛል።

ወደ ድስቱ እንመለስ። የተለመደው አጠማመቅ ሦስት ዕቃ ይፈልጋል፤ አንዱ ውኃ ማሞቂያ፣ አንዱ ብቅል መዘፍዘፊያ፣ አንዱ ማፍያ። እኔ የምከተለው ግን አንድ ባለ 40 ሊትር ድስትና አንድ እንደ ወንፊት የሳሳ ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት ብቻ የሚጠይቀውን መንገድ ነው። 28 ሊትር ውኃ ወደ 70 ዲግሪ አሞቃለሁ፤ ከረጢቱን በድስቱ አፍ ዙሪያ ዘርግቼ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነጣ ያለ የተፈጨ የገብስ ብቅልና 300 ግራም ካራሜል ብቅል እጨምራለሁ፤ ሙቀቱ ወደ 66 ወይም 67 ዲግሪ ይወርዳል። በብርድ ልብስ ሸፍኜ ለአንድ ሰዓት እተወዋለሁ። በዚያ ሰዓት ውስጥ የብቅሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣሉ። ከዚያ ከረጢቱን አንሥቶ እስኪንጠፈጠፍ መጠበቅና መጭመቅ ነው፤ ጉልበት የሚጠይቀው ይህ ብቻ ነው።

የቀረው ጣፋጭ ውኃ ለ60 ደቂቃ ይፈላል። እዚህ ላይ ሆፕስ በሦስት ጊዜ ይገባል። ገና ሲፈላ የገባው መራራነት ይሰጣል፤ በሆፕሱ ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ በውኃ ሟሙቶ መራራ የሚሆነው ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ነውና። በመጨረሻው ዐሥር ደቂቃና እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚጨመረው ካስኬድ ግን ለሽታ ነው፤ የብርቱካንና የአበባ ጠረን ያለው ዘይቱ ቶሎ ስለሚተንን ብዙ እሳት አይወድም። ከዚያ ቶሎ አቀዝቅዤ፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ 11 ግራም ደረቅ እርሾ እበትንበታለሁ። ለሁለት ሳምንት ይብላላል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት 50 ግራም ካስኬድ እንደገና ይገባበታል። 120 ግራም ያህል ስኳር ጨምሬ በጠርሙስ አሽገዋለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፋውን ይዞ ይጠብቀኛል። አልኮሉ አምስት በመቶ አለፍ ይላል።

ይህን ሁሉ በስልክ ለእናቴ ስነግራት በጥሞና ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ቅራሪውስ የት ሄደ?»

ጥያቄው የባለሙያ ነው። የጥንት እንግሊዞችም ከአንዱ ብቅል መጀመሪያ ጠንካራውን ቢራ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ውኃ ቀጭኑን ያወጡ ነበር፤ ቅራሪ ማለት ነው። በከረጢት የሚጠመቀው ቢራ ግን ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ቅራሪ የለውም። ይህን ሳስረዳት «እንግዲህ ገብስ የተረፋችሁ ናችሁ» አለችኝ።

እናቴ በደብረ ብርሃን ጠላ ጠምቃ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ጋኑን በወይራ ታጥናለች፤ ጌሾውን ወቅጣ ትጠነስሳለች፤ ቀኑን ጠብቃ ብቅሉንና ቂጣውን ታገባለች፤ አሻሮውን ቆልታና አስፈጭታ ትደፈድፋለች። ከፓኬት የሚወጣ እርሾ የላትም። ስኳሩ የሚወጣውና የሚብላላው በአንድ ጋን ውስጥ በአንድ ጊዜ ነው፤ እኔ በሙቀት ለይቼ በየተራ የማደርገውን እርስዋ አንድ ላይ ታስኬደዋለች። ቴርሞሜትሯ እጅዋ ነው። ጌሾም ከሆፕስ የተለየ ተክል ሲሆን ሥራው ግን ተመሳሳይ ነው፤ ያመራል፣ ጠላውንም ከመበላሸት ያግዛል።

ታዲያ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። እኔ በትርፍ ሰዓቴ ይህን ስሠራ ጎረቤቶቼ ጥበብ ይሉታል፤ የአገሬ ልጆችም «ዶክተር ቢራ ይጠምቃል» እያሉ ለወዳጆቻቸው ያስተዋውቁኛል። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት ሙያ «ጠላ ሻጭ» በሚል ቃል ሲጠራ ቃሉ ራሱ ስድብ ነበር። ከሁለቱ ሥራዎች የእርስዋ ይከብዳል፤ ይህን የምለው እናቴ ስለሆነች አይደለም። ጭሱን ዓይኗ ያውቀዋልና ያለፈውን ኑሮ ላሞግስም አልወድም። በዚያችው ከተማ ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ለእነርሱ መሬትና መንገድ ተሰጥቷል። ለጠላ ጠማቂዋ ግን ሙያዋን በመጽሐፍ የሚያሰፍርላት እንኳ አልበዛም።

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የቢራ ማጣፈጫ ቅጠል የመሸጥ መብት በጳጳሳትና በመሳፍንት እጅ የነበረበት አካባቢ ብዙ ነው፤ ሆፕስ ሲስፋፋ ያ ገቢ ተነካ። ጌሾ በየጓሮው ስለሚበቅል ብቻ ይሆን የእኛ መኳንንት ያልያዙት? ይህን ለታሪክ ባለሙያዎች እተዋለሁ።

ለሚቀጥለው ጠመቃ ከሆፕሱ ግማሹን በጌሾ ልተካ አስቤ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ካለ የሐበሻ ሱቅ ደረቅ ጌሾ ገዝቻለሁ። መጠኑን ጠየቅኋት። «በእፍኝ ነው» አለችኝ። የማን እፍኝ ስላት «የእኔ ነዋ» አለች። ስለዚህ እህቴ አብራት በምትኖርበት ቤት የማእድ ቤት ሚዛን ገዝታ የእናቴን እፍኝ ሦስት ጊዜ አስለካች፤ 22፣ 21፣ 22 ግራም። በደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እናቴ ግን የሚዛኑን ትክክለኛነት ትጠራጠራለች።