በመስጂዱና በገበያው መካከል የነበረው ቤት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ታላቅ ሰሐቢያ ነው። ስሟን ብዙዎቻችን ሰምተነው ይሆናል፤ ሕይወቷን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ትባላለች። ቁረይሽ ናት፣ ከበኒ ዐዲይ፤ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ጎሳ ማለት ነው። ከሒጅራ በፊት ሰልማ፣ ወደ መዲና ቀድመው ከተሰደዱት ሴቶች ጋር የተሰደደች ናት።

ከሁሉ በፊት የምትታወቀው በብዕሯ ነው። በዚያ ዘመን መጻፍ የሚችል ሰው በጣም ጥቂት ነበር። በላዙሪ እንደዘገበው እስልምና ሲመጣ ከቁረይሽ መጻፍ የሚችሉት ወንዶች 17 ብቻ ነበሩ። ሺፋእ ደግሞ በጃሂሊያው ዘመን መጻፍ ከተማሩት በጣት የሚቆጠሩ ሴቶች አንዷ ነበረች። ሩቅያም ታውቅ ነበር። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሺፋእ ከባለቤታቸው ከሐፍሷ (ረ.ዐ) ጋር ተቀምጣ ሳለ ገቡና፣ መጻፍ እንዳስተማረቻት ሁሉ የቁስል ሩቅያዋንም እንድታስተምራት አበረታቷት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በኋላ በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን የተሰበሰበው የቁርኣን ጽሑፍ ከዑመር (ረ.ዐ) ሞት በኋላ የተቀመጠው ማን ዘንድ ነበር? ሐፍሷ ዘንድ። ዑስማን (ረ.ዐ) ሙስሐፎቹን ሲያስገለብጥ የተዋሰው ከእሷ ነው። የዚያች አደራ ጠባቂ የጽሕፈት መምህርት ሺፋእ ነበረች። አንዲት ሴት ለአንዲት ልጅ ፊደል ስታስቆጥር ነገሩ የት እንደሚደርስ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ኢብኑ ዐብዲልበር «አል-ኢስቲዓብ» ላይ፣ ኢብኑ ሐጀርም «አል-ኢሷባ» ላይ እንዳሰፈሩት፣ ዑመር በኸሊፋነቱ ዘመን (ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሒጅራ) የሺፋእን ሐሳብ ያስቀድም፣ ያከብራት፣ ከመዲና ገበያ ጉዳይም አንዳንዱን በኃላፊነት ይሰጣት ነበር። በዛሬ ቋንቋ ስናስበው የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው፤ ሚዛን፣ ስፍር፣ የሻጭና የገዢ ሐቅ።

በዚህ ዘገባ ላይ ዑለሞች አንድ ቃል አይደሉም። የአንዱሉሱ ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ «ሰሒሕ አይደለም» ብለው ጥለውታል። ኢብኑ ሐዝም ደግሞ አንስተው ማስረጃ አድርገውታል። ይህን የምነግራችሁ ለማከራከር አይደለም። ዲናችን ሐቅ ነውና፣ የምንወዳትን ሰሐቢያ ስናወድስም ሚዛን መያዝ አለብን። በሚዛን ጉዳይ የምትታወስን ሴት በጎደለ ሚዛን ማወደስ አያምርም።

ግን ልብ በሉ። የሹመቱን ዘገባ ለጊዜው ወደ ጎን ብናደርገው እንኳ እጃችን ባዶ አይቀርም። ኢማም ቡኻሪ «አል-አደቡል ሙፍረድ» ላይ ያመጡት ዘገባ አለ። የሺፋእ የልጅ ልጅ «አሚሩል ሙእሚኒን» የሚለው መጠሪያ እንዴት እንደተጀመረ ከአያቱ ሰምቶ ሲተርክ፣ በመሐል ስለ እሷ አንድ ነገር ያነሳል፦ ዑመር ወደ ገበያ ሲገባ እሷ ቤት ይገባ ነበር ይላል። ሸይጧን እንኳ መንገድ የሚቀይርለት ያ ዑመር፣ ገበያ በወረደ ቁጥር ይህችን እናት ሳያይ አያልፍም ነበር!

ሌላው በኢማም ማሊክ «ሙወጦእ» ውስጥ ያለው ነው። ዑመር አንድ ቀን የሺፋእን ልጅ ሱለይማንን ከሱብሒ ጀማዓ አጣው። ከሶላት በኋላ ወደ ገበያ ሲሄድ ቤታቸው በመንገዱ ላይ ስለነበር እናቱን ጠየቃት። ሌሊቱን ሲሰግድ አድሮ እንቅልፍ አሸነፈው አለችው። እሱም ሌሊቱን ቆሜ ከማድር ሱብሒን በጀማዓ መስገድ ይበልጥብኛል ብሎ መለሰ። ይህን ታሪክ ደረሳ ሆኜ ኪታብ ስቀራ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። በሙሐደራ ሁሉ የሚወሳው የልጁ እንቅልፍ ነው። ዘገባው ግን ቤቱ የት እንደነበረም ይነግረናል፦ በነብዩ መስጂድና በገበያው መካከል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የሰጧት፣ አንዳንዴም ለቀን እረፍት ጎራ የሚሉበት፣ የሚያርፉበትን ፍራሽ አዘጋጅታ የምትጠብቅበት ቤት እንደነበር ተዘግቧል።

እኔ የሺፋእን ሕይወት ጠቅልሎ የሚይዘው ይህ ቦታ ይመስለኛል። አንድ እግሯ መስጂድ፣ አንድ እግሯ ገበያ። ዒባዳዋ ከሰው ሐቅ አላራቃትም፤ ገበያውም ከመስጂድ አልነጠቃት።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ሰፈር በአንድ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረች እህት አለች። በገበያ ቀን ከባልደረቦቿ ጋር እየዞረች ሚዛን ትፈትሻለች። አንድ ቀን ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፋ ነጋዴ «ሴት ልጅ ሚዛኔን አትነካም» ብሎ በሰው ፊት መለሳት። ከዚያ ሐሜቱ ተከተለ። እናቷ ከዐስር በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠብቃኝ «ኡስታዝ፣ ልጄ እንጀራዋን ትተወው ወይ? ሰው ዲኗን ጥላለች አለ» አለችኝ። ልጅቷም ጎኗ ቆማለች፤ ሒጃቧን እንደጠበቀች፣ አንገቷን ደፍታ።

ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ኡስታዝ፣ የሚዛኑ ድንጋይ ሲጎድል የሚጎዳው ኩንታል የሚጭነው ሰው አይደለም። እሱ ራሱ አስመዝኖ ይሄዳል። የሚጎዳው ሩብ ኪሎ በርበሬ የምትገዛ እናት ናት። እነዚያ እናቶች ለወንዶቹ የማይናገሩትን ለእኔ ይነግሩኛል። የቱ ጋ እንደሚጎድል ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።»

ይህን ስሰማ ያ የቡኻሪ ዘገባ ትዝ አለኝ። ዑመር ወደ ገበያ ሲገባ ለምን እሷ ቤት ይገባ እንደነበር ዘገባው አይነግረንም። ግን ለገበያው ቅርብ የሆነች፣ አላህን የምትፈራ፣ የምትጽፍና የምታስታውስ ሴት፣ የሰውን ሐቅ ለሚፈራ መሪ ምን ያህል እንደምትጠቅም ከዚያች ልጅ አንደበት ገባኝ። እናቷን «እናቴ፣ ሐያእዋን ከጠበቀችና አደራዋን ካልበላች ይህ ሥራ የሚያስከብራት ነው። የሚያፍር ካለ ድንጋዩ የጎደለበት ይፈር» አልኳት። የጁሙዓው ኹጥባም ስለ ሚዛን ሆነ። ኢማማችን የማንንም ስም ሳይጠሩ ሱረቱል ሙጠፊፊንን አስታወሱ፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ወርደው እጃቸውን ወደ እህሉ ክምር አስገብተው፣ ከላይ ደረቅ ከሥር እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን የገሠጹበትን ሐዲስም ተረኩ። ልጅቷ ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት፣ አልሐምዱሊላህ።

ወጣቶች ሆይ! ሺፋእን የማክበር ነገር ስሟን ለሴት ልጅ በማውጣት ብቻ አያልቅም። በወንድምነት ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እህቶቻችሁን አስተምሩ። ቁርኣን ቤቱም ትምህርት ቤቱም የእነሱ ነው። ሺፋእ የተከበረችው መጀመሪያ ዕውቀት ስለነበራት ነው፤ ያወቀችውንም ለራሷ ይዛ አልቀረችም።

ሁለተኛ፣ አንዲት ሙስሊም እህት ወረዳም ሆነ ክፍለ ከተማ ገብታ ሕዝብ ስታገለግል፣ ልብሷን ከመመርመራችሁ በፊት በሥራዋ ላይ ቁሙላት። ካጠፋች በአደብ ትመከር፤ ካለማች ዱዓ ይደረግላት። ከወንድ ሠራተኛ የማንጠይቀውን ከእሷ መጠየቅ ራሱ የጎደለ ሚዛን ነው።

ሦስተኛው ለእናንተ ለእህቶቼ ነው። ወንበር አግኝታችሁ ከሆነ አደራ መሆኑን አትርሱ። ሺፋእ በጉቦ የምትታማ፣ ለዘመድ የምታዳላ ብትሆን ኖሮ ያ ፍትሐዊ ኸሊፋ ሐሳቧን ባላስቀደመ ነበር። የዘመዱ ጎሳ መሆኗ ብቻ አያድናትም ነበር፤ ዑመር በዚህ ነገር ለገዛ ልጆቹም አልሳሳም።

ቤታችሁ በመስጂዱና በገበያው መካከል ይሁን። ከአንዱ ወጥታችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ የሚቀየር ፊት አይኑራችሁ።

አላህ ሺፋእን፣ ሐፍሷንና ሰሐቦችን ሁሉ ይውደድላቸው። ሴት ልጆቻችንን ዕውቀት ከተቅዋ ጋር ይስጥልን፤ ገበያችንን ከጎደለ ሚዛን፣ ምላሳችንን ከሐሜት ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።