የሆቴል አባልነት ስለ መግዛት

ኢንተርኮንቲኔንታል ሆቴሎች፥ አምባሳደር የተባለውን አባልነት በዓመታዊ ክፍያ ለገዛ እንግዳ፥ በሳምንት መጨረሻ አንዱን ሌሊት ሲከፍል ሁለተኛውን፥ በዓመት አንድ ጊዜ፥ በነጻ ያሳድሩታል፤ ክፍሉንም እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይተዉለታል። ለሠርግና ለክርስትና ወደ ዋሽንግተን የምንመላለስ እኛ፥ ነገሩን በቤታችን መከርንበት።

ነጻው ሌሊት ብዙም አላጓጓንም። ረከስ ያለ ማደሪያ ለሚያገኝ ቤተ ሰብ ትርፉ ከክፍያው እምብዛም አይበልጥም።

ልባችን ያረፈው በሰዓቱ ላይ ነው። ሌላው ሆቴል በ5 ወይም በ6 ሰዓት ያስለቅቃል፤ ቅዳሴው ግን ገና አልተፈጸመም። ቆርበው የሚመለሱ እናታችን ከነሻንጣቸው በእንግዳ መቀበያው ይቀመጡ ዘንድ ነውን? የቆረበ ሰው ማረፍ እንጂ መንገድ መሄድ አይገባውም።

ስለዚህ እናታችን አብረውን በሚጓዙበት ዓመት እንከፍላለን። ዘንድሮ የምናድረው በዘመድ ቤት ነውና፥ ሆቴል ብናድርማ ቅያሜው ከክፍያው ይብስ ነበር፥ ገንዘቡን ለሙሽሮቹ ስጦታ አዋልነው።