ውሃ በ95 ዲግሪ የሚፈላባት ከተማ

ሀርጌሳ ስገባ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሀብቱ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና አንድ ጥቅል ናስትሮ ነበር። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከተማዋ በ1980 ዓ.ም. ከሰማይና ከምድር ተደብድባ ፈርሳ፣ ሕዝቧ ወደ እኛ አገር ተሰዶ፣ ከሀርተሼክ መጠለያ የተመለሰው ደግሞ ከፍርስራሹ ላይ ቤቱን እንደገና እያቆመ ነበር። መሐል ከተማው ላይ ያለው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ያንን ዘመን ዛሬም ያስታውሳል። ከቤቱ ቀድሞ የበዛው ግን መኪናው ነው።

አብዛኛው ቶዮታ ነው። ከጃፓን ተነሥቶ፣ ዱባይን አልፎ በርበራ ወደብ ይራገፋል። መሪው በቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው። ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን ጭነት መኪና መቅደም ሲፈልግ መንገዱን የሚያይለት በግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። እኛ በዋጃሌ በኩል የገባን ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጃችን የለመደው ካርቡራተር፣ ቦቢናና ካንዴላ ነበር። እዚያ የጠበቀን ግን ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ ሞተር ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ አለቃዬ የጅግጅጋ ሰው ነበር። ስካነር የሚባል ነገር አልነበረንም። ኮፋኖው ሲከፈት አንድ ጥቁር ትንሽ ሳጥን አለች፤ ክዳኗን አንሥተን ቲኢ-1 እና ኢ-1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአግራፍ እናገናኝና ቁልፍ እንከፍታለን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና ሁለት ጊዜ፦ 22፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። 24 ከሆነ የአየር ሙቀት፣ 41 ከሆነ የነዳጅ መርገጫው የሚከፍተው ጉሮሮ ሴንሰር ነው። አንዳችን ይቆጥራል፣ ሌላችን ይጽፋል። ቁጥሩ ስለታወቀ ብቻ ግን ዕቃ አይለወጥም ነበር። አለቃዬ «መብራቱ የነገረህ የት እንደምትለካ ነው እንጂ ምን እንደምትገዛ አይደለም» ይለን ነበር።

የውሃ ሙቀት ሴንሰር አለካኩን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከጭማቂ ቤቱ በረዶ እናመጣለን፤ ከጎረቤት ሻይ ቤት ደግሞ የፈላ ውሃ። ሴንሰሩ በረዶ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ቴስተሩ 6 ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል። በ20 ዲግሪ ላይ ወደ 2 ሺህ 500 ይወርዳል፤ በ80 ዲግሪ 300 ገደማ ይሆናል። እየሞቀ ሲሄድ ተቃውሞው እየቀነሰ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አለቃዬ ግን በደብተራችን ላይ 100 ብለን እንድንጽፍ አይፈቅድም። ሀርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃዋ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን 92 ገደማ ነው። ሰውዬው ኮሌጅ አልገባም፤ ይህን ግን ያውቅ ነበር፤ ያወቀውንም ለረዳቶቹ አልደበቀም።

ያ ዘመን ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። ጫት የሚያመላልሱት መኪኖች ፍጥነት ይፈልጋሉ። ጫቱ ሳይጠወልግ ከዋጃሌ ሀርጌሳ መድረስ አለበት። አንዳንዱ ባለሙያ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሽቦ ላይ አንዲት ሬዚስተር ይቀጥልላቸዋል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያምንና ነዳጅ ይጨምራል። ባለመኪናው ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል፤ ጭስ ማውጫው ይጠቁራል፣ ካንዴላው በጥቀርሻ ይሸፈናል። ኮምፒውተሩ ዓይን የለውም፤ ሽቦው የነገረውን ያምናል። ያኔ የሚዋሸው ሆን ተብሎ ነበር፤ የዋሸውም ሰው መዋሸቱን ያውቃል።

ዛሬ ከተማዋ ሌላ ናት። ለአንድ ባትሪ በጆንያ ይቆጠር የነበረው ሺሊንግ ቀርቶ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ዛድ በስልክ ይላካል። ዲያስፖራው በበጋቸው ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የሞተር ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ወጣት አለ፤ ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር የመጣውን አውጥቶ በራሱ ፍላጎት የሚያስተካክለውን ሊያስገጥም። እንዲህ ያለው ሳጥን ድሮ የእሽቅድምድም ቡድኖች ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሜጋስኩዊርት የሚባለውን፣ ሰው በቤቱ በይዶ የሚገጣጥመውን ኮምፒውተር ካወጡ ወዲህ ግን ተራ መካኒክም ደረሰበት። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ድሮ የጭስ ሴንሰሩ ነዳጅ በዛ ወይም አነሰ ከማለት አያልፍም ነበር፤ አሁን ቦሽ የሚሠራው ሰፊ መጠን የሚያነብ ሴንሰር ለአንድ ኪሎ ነዳጅ ስንት ኪሎ አየር እንደገባ በቁጥር ይነግርሃል። በነሐስ ተሸፍኖ ዘግይቶ በሚሞቀው የድሮ የአየር ሙቀት ሴንሰር ፋንታም ጫፉ የተከፈተው ገብቷል፤ ከበርበራው ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ የአየሩን ለውጥ ቶሎ ያውቃል።

የሚያሳዝነኝ አገጣጠሙ ነው። አንድ ወጣት ሞተሩ ዋን ጄዜድ ቱርቦ የሆነ ማርክ ቱ አመጣልኝ። ኮምፒውተሩ አዲስ፣ ሴንሰሮቹ ሁሉ አዲስ፣ የገጠመለት ጋራዥም ጥሩ ገንዘብ ተቀብሏል። መኪናው ቆሞ እየሠራ የራዲያተሩ ማራገቢያ ይነሣል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል። በላፕቶፑ ላይ የውሃው ሙቀት ማራገቢያው በተነሣ ቁጥር ከአሥር ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ውሃ እንዲህ በቅጽበት አይቀዘቅዝም።

ሽቦውን ተከትዬ ስወርድ የሙቀት ሴንሰሩን ማሳ፣ ማለትም ኔጌቲቩን፣ ሞተሩ ላይ በብሎን አስረውት አገኘሁ። ማራገቢያው ብዙ ከረንት ሲስብ የሞተሩ ብረትና የኮምፒውተሩ ማሳ እኩል መሆናቸው ይቀራል፤ የሁለት አሥረኛ ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ሞተሩ ሲሞቅ ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ራሱ ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ልዩነት ለኮምፒውተሩ «ሞተሩ ቀዘቀዘ» የሚል ወሬ ናት። ማራገቢያውን ያጠፋል፤ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ተመልሶ ይታየዋል። የሴንሰሩን ኔጌቲቭ ነቅዬ ለሴንሰር ብቻ ወደተሰጠችው የኮምፒውተሩ እግር መለስኩት፤ ማራገቢያውም ረጋ።

በዚያው ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሣ የአየር ግፊቱን አየሁ። 101 ኪሎፓስካል ይላል። ያ የበርበራ ቁጥር ነው። ሞተር ሳይነሣ ሴንሰሩ የሚያነበው የከተማውን አየር ነው፤ ሀርጌሳ ላይ 86 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ መሆን አለበት። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ የገባው ሠንጠረዥ ግን የሌላ ሴንሰር ነበር። የሙቀት ሴንሰሩን ሠንጠረዥም ተመለከትኩ። ሶፍትዌሩ ሦስት የሙቀት ነጥቦችና የእያንዳንዱን ኦም ይጠይቃል፤ እኛ በበረዶና በሻይ ቤት ውሃ የምናገኛቸው ዓይነት ማለት ነው። የገጠመው ሰው አልለካም፤ ሳጥኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቁጥር ትቶታል። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም፤ ኮምፒውተሩ ግን ከጫት መኪናው ሬዚስተር የማይተናነስ ውሸት ሲነገረው ከርሟል።

ገጣሚዎቹን ልጆች አውቃቸዋለሁ። ሰነፎች አይደሉም፣ ከእኛ የበለጠ አንብበዋል፣ እንግሊዝኛውንም ይችሉታል። ባለመኪናው ለሳጥኑና ለሴንሰሩ የተጠየቀውን ይከፍላል፤ ለመለኪያ አንድ ቀን ጨምሩልኝ ሲባል ግን «ምን ሠራህና?» ይላል። ልጁም ሽቦውን በአንድ ሌሊት ቀጥሎ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ያስረክባል። የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩ ሽቦ ከቦቢናው ሽቦ ጋር በአንድ ጥቅል ታስሮ፣ የብልጭታው ጩኸት ገብቶበት ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲቆራረጥ ደግሞ ተጠያቂው ኮምፒውተሩ ይሆናል። አለቃዬ በዚያ በችግር ዘመን፣ በአንዲት ቴስተር፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከጋራዡ አያስወጣም ነበር።

መኪናችሁ ላይ አዲስ ኮምፒውተር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ሀርጌሳም ሁኑ ጅግጅጋ፣ አዳማም ሁኑ አዲስ አበባ፦ ለመለኪያው ቀን ክፈሉ። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ቁልፉን አስከፍታችሁ የግፊቱን ቁጥር እዩ፤ ከከተማችሁ አየር ጋር የማይስማማ ከሆነ አትቀበሉ። የሽቦውን ንድፍ፣ ከነቀለሙና የትኛው እግር ላይ እንደገባ፣ በወረቀት ጠይቁ። ካልተሰጣችሁ የመጨረሻውን ክፍያ አትላኩ።