የደም ቍጥርና የሰው ዕድሜ

ቍጥር አይዋሽም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቍጥር ያልተናገረውን ተናግሯል የሚል ሰው አይጠፋም። በተለይ ነገሩ የደም ምርመራ ሲሆን፣ ከዚህ የሚመጣው ጥፋት የሰው ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

አጎቴ የጨጓራ ነቀርሳ፣ ማለት ካንሰር፣ እንዳለበት በታወቀ ጊዜ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክር ነበር። ለኦፕራሲዮኑ ወጪ አንድ ጥማድ በሬ መሸጥ ያስፈልጋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የደም ምርመራውን ወረቀት ዘርግተው፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና እስቲ አንብብልን። ይህ ቍጥር ከፍ ያለበት ሰው ብዙ አይቆይም ሲሉ ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ በከንቱ ከምናደክመው በቤቱ ይረፍ» አሉኝ።

አነጋገራቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። በደማችን ካሉት ነጭ ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት በሽታ አምጪ ተሐዋስያን ሲገቡ ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ ጠላትን ለይተው ያውቃሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የካንሰርን ሕዋስ የሚገድሉ አሉ። የፊተኛው ለኋለኛው ሲካፈል አንድ ቍጥር ይገኛል። 60 ከመቶ ለ30 ከመቶ ሲካፈል 2 ይሆናል። የአጎቴ 75 እና 15 ስለ ነበረ 5 ወጣ። ከሕክምና በፊት ይህ ቍጥር ከፍ ያለባቸው የጨጓራ ካንሰር ሕመምተኞች፣ ዝቅ ካለላቸው ይልቅ በአማካይ ዕድሜያቸው ማጠሩን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱም ዕጢው በሰውነት ውስጥ ብግነት ያስነሣል፤ ብግነቱም ኒውትሮፊልን ያበዛል፣ ዕጢው እንዲያድግም ይረዳዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳትን ተመልክቶ ካንሰርን ከብግነት ጋር ያያያዘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. ነበር። ጃፓናዊው ኦኖዴራና ባልደረቦቹም በዚሁ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ሊምፎሳይትን አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ደምረው፣ ለኦፕራሲዮን የቀረበ ሰው አቅሙ የሚገመትበትን መለኪያ አወጡ።

ሆኖም አጎቴ አንድ ሰው ነው እንጂ አማካይ አይደለም። የአንድ ክፍል አማካይ ውጤት 60 ነው ቢባል፣ በሦስተኛው ወንበር ያለው ልጅ 35 ወይም 90 አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የሳንባ ምች ወይም ኮርቲዞንን የመሰለ መድኃኒት ያንኑ ቍጥር ከፍ ያደርገዋል። አደጋው ከየት እንደሚጀምርም ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ አንዱ ወሰኑን 2፣ ሌላው 3፣ ሌላው 5 ያደርገዋል። ከሁሉ የሚቀድመው ዕጢው የጨጓራውን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደ ገባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ ብልት መዛመት አለመዛመቱን ማወቅ ነው።

ስለዚህ ለዘመዶቼ፣ «ይህ ወረቀት አጎቴ ስንት ዓመት እንደሚኖር አይናገርም፤ ሐኪሙን ምን እንደምንጠይቅ ግን ይነግረናል» አልኋቸው። ሌላ ሕመም ተደርቦበታል ወይ? ዕጢው የት ደርሷል? ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምን ቢመገብ ይበረታል? ይህንንም ራሱ አጎቴ እንዲጠይቅ አሳሰብሁ፤ ደሙ የእርሱ ነውና። አንዳንዶቹ፣ «ሰው ሕመሙን ካወቀ ልቡ ይሰበራል» ብለው ተቈጡኝ። እርሱ ግን ሁሉን በዝምታ ከሰማ በኋላ፣ «በሬዎቹ ይሸጡ» አለ።

በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘረጋላችኋል፤ በዘመድ ዓይን የተማረ ሰው ሁሉ ግማሽ ሐኪም ነው። ቍጥሩን አስተካክላችሁ አንብቡ፤ ፍርድ ግን አትጨምሩበት። ከብዙ ሕመምተኞች የተገኘው እውቀት ሐኪሙን እንዲያስጠነቅቀው ነው እንጂ በአንዱ ላይ በር እንዲዘጋበት አይደለም።