እራት የት እንብላ?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ እራት ሊበላ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «የት እንብላ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱም ብዙውን ጊዜ በኪስ፣ በእግርና በምላስ ይወሰናል፤ ኪስ ዋጋውን፣ እግር ርቀቱን፣ ምላስም ጣዕሙን ይመዝናል። እኔም በ1989 ዓ.ም. አያቴን እራት ለመጋበዝ በተነሣሁ ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ ሚዛኖች በቀር ሌላ ሚዛን መኖሩን አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ያዝሁና በኅዳር ወር መጨረሻ የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀበልሁ። እናቴ ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ትውል ስለ ነበረ፣ አብልተውና አጥበው፣ ቆጥተውና መርቀው ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ ደመወዜ ነጠላ ወይም ጫማ ልገዛላቸው አስቤ ነበር። ኋላ ግን አሳቤን ለወጥሁ። በዕድሜያቸው ሙሉ ለሰው ሲያበስሉና ሲያቀርቡ የኖሩ ሴት፣ አንድ ምሽት እንኳ ሌላ ሰው አብስሎ ሌላ ሰው አቅርቦላቸው፣ እርሳቸው ተቀምጠው እንዲበሉ ተመኘሁ።

መኖሪያችን ካዛንቺስ ነበር። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘች በኋላ፣ ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ የሚሠራው ድርጅቷ በዚህ ስፍራ ቤቶች አቆመ። የድርጅቱ ስም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ» ማለት ደግሞ በጣልያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የተባሉት ቤቶች በሕዝቡ አንደበት «ካዛንቺስ» ሆኑ፤ ሰፈሩም በዚሁ ስም ጸና። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ቃላቱ ግን አልወጡም። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፋብሪካ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ስጎ፣ ማኪያቶ ስንል የባዕድ ቃል መናገራችን ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን።

የቀሩት ቃላት ብቻ አይደሉም። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በተመለሱ ጊዜ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ዐውጀው ስለ ነበረ፣ ከጣልያኖቹ ብዙዎች በአገራችን ቀርተው መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ነጋዴ ሆኑ። ምግብ ቤት የከፈቱም ነበሩ። እነርሱ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን የተማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በየሰፈሩ የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ። በዚህ ዓይነት ፓስታ የሠርግና የልደት፣ የጾምና የፍስክ ምግባችን ሆነ።

እንግዲህ ምርጫዬን ጀመርሁ። ክትፎ ቤት እንዳልወስዳቸው የነቢያት ጾም ገብቷል። በዚያን ጊዜ በፒያሳ ስመ ጥር የነበረውን የካስቴሊን ምግብ ቤት አሰብሁ፤ ነገር ግን ኪሴን ፈራሁ፤ የአያቴም ጉልበት ታክሲ መውጣትና መውረድ አይወድም ነበር። በመጨረሻ ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለች አንዲት አነስተኛ የጣልያን ምግብ ቤት መረጥሁ። በእግር ቀስ ብለው ቢሄዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዋጋዋ የሚቻል ነው። በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ የጾም ፓስታም አላት። ኪስም፣ እግርም፣ ምላስም ተስማሙ። በምርጫዬ ኮርቼ ለእናቴ ነገርኋት።

እናቴ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ለመሆኑ እማዬ ፓስታ ሲበሉ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። አያቴ ፓስታ ሲቀቅሉ፣ ውሃውን ሲያጠሉ፣ በርበሬ ጣል ያለበት ስጎ ሠርተው ለእኛ ለልጆቹ ሲያቀርቡ ሃያ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። እርሳቸው ግን ሁልጊዜ ከጥግ ተቀምጠው እንጀራ በሽሮ ይበሉ ነበር። እኔም የሽማግሌ ምላስ አዲስ ነገር ስለማይቀበል ነው ብዬ አልፌው ኖሬአለሁ። አንድ ሌላ ነገርም ዐውቅ ነበር። አያቴ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ነጭ ለብሰው 6 ኪሎ ወደሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ይሄዱ ነበር። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ሕዝብ ላይ ባወረዱት እልቂት አባታቸው ተገድለዋል። በኢትዮጵያ ቁጥር መሠረት በዚያ እልቂት ያለቀው ሕዝብ ሠላሳ ሺህ ያህል ነው። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ነገር ግን በታሪክ መጽሐፍ ያነበብሁትንና በቤታችን ጥግ ላይ ያለውን የሽሮ ሳሕን አንድ ቀንም አገናኝቼ አላየሁም።

አፍሬ ወደ አያቴ ገባሁ። ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳላስብ የጣልያን ምግብ ቤት መርጬ ነበር» አልኋቸው።

እንዝርቱን ሳያቆሙ፣ «ምን ያስደነግጥሃል? ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያም በሃያ ዓመት ውስጥ ያልነገሩኝን ነገሩኝ።

«አባቴ ወጥተው የቀሩ ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ተቃጠለ። እናቴ ከሦስት ልጆች ጋር ሜዳ ላይ ቀረች። ኋላ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። የት መሰለህ? እዚሁ ካዛንቺስ፣ ቤቶቹ አዲስ በተሠሩ ጊዜ፣ ከአንድ ጣልያን ጸሐፊ ቤት። ሰውየው በግሉ ክፉ አልነበረም፤ ደመወዟንም አልከለከላትም። ማታ ስትመለስ ከገበታው የተረፈውን መኮሮኒ በጣሳ ይዛልን ትመጣ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የምጠብቀው እናቴን አልነበረም፤ ጣሳውን ነበር።»

«ታዲያ ስለሚጠሉት ነው የማይበሉት?»

እንዝርቱ ቆመ። «ብጠላውማ ምን ቸገረኝ! ስለ ጣፈጠኝ ነው እንጂ። የአባቴ እንባ ሳይደርቅ የዚያ ገበታ ትራፊ ጣፈጠኝ። ልጅ ነበርሁ፤ ርቦኝ ነበር፤ እግዜርም ይህን ያውቃል። ጠላት ከወጣ ወዲህ ግን ምላሴን ቀጣሁት።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ሌላ ቤት እንሂድ» ብዬ ብቻ ተነፈስሁ። እርሳቸው ግን ጥጡን እያስተካከሉ፣ «የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቷ ኢትዮጵያዊት መሆናቸውን፣ በወጣትነታቸው በጣልያኖች ምግብ ቤት ወጥ ቤት ሆነው ሲሠሩ ሙያውን መማራቸውን ነገርኋቸው።

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አሉ። «ሒሳቡን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ።»

«ግብዣው የእኔ ነው እኮ፣ እማማ!»

«ገንዘቡ ያንተ ይሁን፤ የሚከፍለው እጅ ግን የእኔ ይሁን።»

በማግሥቱ ማታ ሦስታችን ወጣን። አያቴ ለሐውልቱ በዓል የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ቁልቁል ሲታይ ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ባሻገር የመስቀል አደባባይ መብራት ይታያል። ምግብ ቤቷ ከስድስት ወይም ከሰባት ጠረጴዛ አትበልጥም ነበር። አስተናጋጁ መጥቶ ሲጠይቀን ሦስት የጾም ፓስታ አዘዝን። ምግቡ በቀረበ ጊዜ አያቴ አማትበው ሹካውን አነሡ። እኔ ማንኪያ ወይም ዳቦ ላስመጣላቸው ዘወር ስል፣ እርሳቸው ፓስታውን በሹካው ጫፍ ይዘው፣ ከሳሕኑ ጠርዝ አስጠግተው፣ ዙር ዙር እያደረጉ ጠቅልለው አንዲት ክር ሳትንጠለጠል ጎረሱ። እናቴና እኔ ተያየን።

«እናቴ ግቢ ውስጥ ስታጥብ እኔ በመስኮት የጸሐፊውን ልጆች አይ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በጣሳ ለመጣው ግን ሹካ አልነበረንም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ከሳሕኑ ግማሹን ያህል በሉና ሹካውን አስቀመጡ። እንዴት እንዳገኙት ስጠይቃቸው፣ «ጨው አንሶታል» አሉ። እናቴ ሳቀች፤ እርሳቸውም ሳቁ። አስተናጋጁ የተረፈውን ጠቅልሎ ይስጣቸው እንደ ሆነ በትሕትና ቢጠይቃቸው፣ «አይ፣ ልጄ፣ ተባረክ። ትራፊ አልወስድም። ዛሬ ከፍለን ነው የበላነው» አሉት። እርሱ የአባባላቸውን ምሥጢር ሊያውቅ አይችልም፤ እጅ ነሥቶ ሳሕኑን አነሣ። ሒሳቡ በመጣ ጊዜ የሰጠኋቸውን ገንዘብ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው፣ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ጉርሻ ጨምረውበት በእጃቸው ከፈሉ። በዚያ ሰዓት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ደስታ ልለው አልደፍርም፤ የቆየ ዕዳውን የዘጋ ሰው መልክ ነበር።

ስንመለስ ግንቡ በድንጋይ ከተሠራ አንድ አሮጌ ቤት አጠገብ ጥቂት ቆሙ። «እናቴ የምትወጣው በዚህ በር ነበር» አሉ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያንን በር እኔ ትምህርት ቤት ስመላለስ በየቀኑ አልፈው ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አያቴ ከእኛ ጋር ፓስታ ይበሉ ነበር ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምር ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ቀድሞው እንጀራቸውን በሽሮ ይበሉ ነበር። የለወጡት ነገር ቢኖር ከጥግ ተነሥተው ከእኛው ጠረጴዛ መቀመጣቸው ነው።

ዛሬ ስፍራው ተለውጧል። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። የካዛንቺስም ብዙ አሮጌ ቤቶች በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ያ የድንጋይ ቤትና ያች ምግብ ቤት ዛሬ የሉም። ሰው እራት ለመብላት ወደ አደባባዩ አካባቢ ሲወጣ የሚመርጠው ግን ከዚያን ጊዜ ይልቅ በዝቷል።

የእኔም ልጆች እንደ ማንኛውም የከተማ ልጅ ፒዛና ፓስታ ይወዳሉ። እኔም አብሬአቸው እበላለሁ፤ ምግብ በራሱ በደል የለበትም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ልንጋብዝ አስበን ልጆቼ «የት እንብላ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ርቀቱ ከመናገሬ በፊት «የምንበላው ከማን ጋር ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። እንግዳው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው፣ ስለ ምንስ እንደሚተው ካላወቅን፣ ኪስና እግር ምላስም ቢስማሙ ምርጫችን ገና አልተፈጸመም።