«ወጡን እይልኝ» ካላችሁት ያየዋል!

ዛሬ የማጫውታችሁ የሰው ቤት ጉድ ሳይሆን የራሴን ነው። ስም አልጠራም፤ ወንድሜ ብቻ በሉት።

እናቴ ቀሐ ወረድ ብላ ልትመለስ «ወጡን እይልኝ» አለችው። ስትመጣ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ልጁ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ድስቱ ላይ አፍጥጧል! «ምነው ልጄ?» ብትለው «አየሁት እኮ!» አላት። እኔም እልህ የተጋባ መስሎኝ ጮኽኩበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ነው። አንድ ቀን ሐኪሙ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ውሸት ነው፤ ድር ይበጠሳል» አለ። እኔ ሳቄ መጣ፣ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የገባው ሐኪም ኩርት ጎልድሽታይን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ይህንኑ ጽፎበታል፦ ሰውየው ከሚታየውና ከሚጨበጠው ነገር ተላቆ ወደ ጥቅል ሐሳብ መሻገር ይቸግረዋል። (በተረትና ምሳሌ ብቻ ግን ሰውን በሽተኛ አትበሉ፤ ትምህርት ያልገፋ ወይም አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ጤነኛም እንዲሁ ሊመልስ ይችላል።)

እኛ ጎንደሬዎች በሰምና ወርቅ አድገን፣ ሰሙ ላይ በቀረ ሰው መሳቅ እንወዳለን። የወንድሜ ግን ሌላም አለበት። ወርቅ ባለበት ሰሙን ብቻ ይሰማል፤ ወርቅ በሌለበት ደግሞ ወርቅ ያገኛል! ባጃጅ ክላክስ ሲነፋ «ለእኔ ነው፤ እየተጠቋቆሙብኝ ነው» ይል ነበር። ይህኛውን መድኃኒቱ አርግቦለታል። የመጀመሪያው ግን አብሮት አለ፤ መድኃኒቶቹ ለጥርጣሬውና ለሚሰማው ድምፅ የሚረዱትን ያህል ለዚህ አይረዱም።

ታዲያ ማን ይርዳው? እ.ኤ.አ. በ1998 ቡታጅራ አካባቢ በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ፣ ከተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ ሐኪም ቤት ደጃፍ ደርሰው አያውቁም ነበር። ያላቸው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ደግሞ አሽሙር ይወዳል! «ቤቱን ጠብቅ» አትበሉት፤ «እስክመጣ በሩን ቆልፈህ ውስጥ ተቀመጥ» በሉት። «ደግ አደረግህ!» ብላችሁ በምፀት ብትቆጡት ምስጋና ይመስለዋል።

እናቴ አሁን «ሰዓቱ ስድስት ሲል እሳቱን አጥፋ» ትለዋለች። ባለፈው እሁድ ልክ ስድስት ሲል አጠፋው። ወጡ ገና አልበሰለም ነበር። ዝም ብለን በላን።